ሲሊንደሩ ጀርባ ላይ፣ ነፋሱ እጅ ላይ

ሰው መኪና ያደንቃል፣ ስልክ ያደንቃል። እኔን ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳችኝ ጎማ ናት። አዎ፣ ጎማ! ሲስቧት የምትረዝም፣ ሲለቋት ተጠቅልላ የምትሰበሰብ፣ ተዘርግታ ከአንድ ሜትር ተኩል የማታልፍ ቀጭን የአየር ጎማ። ሪሞት ላይን ይሏታል። አንዱ ጫፏ ጀርባ ላይ ከታዘለ የጋዝ ሲሊንደር ይገጠማል፤ ሌላው ጫፏ ፔይንትቦል በሚባለው ጨዋታ የቀለም ጥይት ከሚተፋው ጠመንጃ ላይ ይሰካል። በቃ፣ ይኸው ነው። ግን ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ!

ያየኋት ዴንቨር ነው። ታናሽ ወንድሜን ልጠይቅ ሄጄ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ወደሚጫወትበት ሜዳ ይዞኝ ወጣ። (ዴንቨሮች ከተማችን 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት ብለው ሲኩራሩ መስማት ነው። እሱንም በጎንደር ልጅ ፊት! ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት።) ተኩሱ እንኳን ልቤን አላሞቀውም፤ ጠመንጃ በእኛ አገር መጫወቻ ሆኖ አያውቅም፣ እኔም ለጨዋታ ላነሳው እጄ አልታዘዘም። ወንድሜ ግን «ግድየለም፣ ያዘው ብቻ» ብሎ አቀበለኝ። ከኋላው ሙሉ ሲሊንደር ተሰክቶበታል፤ ወደ ታች ይጎትታል፣ ክንዴ ወዲያው ዛለ። «ቆይ ጋሼ» አለና ሲሊንደሩን ፈቶ ጀርባዬ ላይ በቀበቶ አሰረልኝ። ጎማዋን በትከሻዬ ሥር አሳለፋት፣ ጫፏ ላይ ያለችውን የብረት ቀለበት በጣቱ ወደ ኋላ ሸርተት አድርጎ መሣሪያው ላይ ገፋት። ጠቅ! ያ ሁሉ ብረት እጄ ላይ ላባ ሆነ።

በሙያዬ ቀለም ቀቢ ነኝ። የብረት በር፣ ባጃጅ፣ አልፎ አልፎም ሚኒባስ እረጫለሁ። ስለዚህ ልጆቹ ተደብቀው ሲታኮሱ እኔ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ጎማዋን ስፈታና ስገጥም ዋልኩ። ወንድሜ አፈረብኝ መሰለኝ።

ክብደት ማቃለሏ የነገሩ ጫፍ ብቻ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብዛኛው ፈሳሽ ነው፤ ግፊቱን የሚሰጠው ከፈሳሹ እየተነነ ከላይ የሚጠራቀመው ጋዝ ነው። መሣሪያው የሚፈልገውም ጋዙን ብቻ ነው። ሲሊንደሩ እዚያው ላይ ተሰክቶ ሳለ አፈሙዙን ወደ ታች ካዘነበሉት ግን ፈሳሹ ወደ ቫልቩ ይንደረደርና መሣሪያው ሆድ ውስጥ ይገባል። እዚያ ሲተን ብረቱን ያቀዘቅዘዋል፣ ጎሚኒዎቹ ይደርቃሉ፣ አንዷ ጥይት ትፈጥናለች፣ ሌላዋ ትንቀራፈፋለች። በሪሞት ላይን ሲሆን ሲሊንደሩ ቫልቩን ወደ ላይ አድርጎ ጀርባ ላይ ይቀመጣል፤ መሣሪያው እንደፈለገ ይዙር፣ ሲሊንደሩን አያዞረውም። ሾልኮ ያመለጠ ጠብታ ቢኖር እንኳ በጎማዋ ውስጥ ሲጓዝ ተኖ ያልቃል። አያችሁልኝ? ጎማዋ ማስተላለፍ ብቻ አይደለም ሥራዋ፤ ርዝመቷ ራሱ ይሠራል!

ብርዱስ? 20 ዲግሪ ሙቀት ላይ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት 57 ባር ገደማ ነው፤ ዜሮ ዲግሪ ላይ ወደ 35 ባር ይወርዳል። ይህን ስሰማ ሐሳቤ ዴንቨርን ጥሎ ወደ ደባርቅ በረረ። ደባርቅ 2,850 ሜትር ላይ ናት፤ ከሰሜን ተራሮች ማረፊያዎች ሳንቃበር ከ3,200 ያልፋል፤ ጨነቅ ከ3,600። በበጋ ሌሊት ሣሩ አመዳይ ለብሶ የሚያድርበት ሰሜን ተራራ ላይ፣ ውጭ ያደረ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ማለዳ ምን አቅም ይኖረዋል? ጎማ ካለው ግን መላ አለው፤ ሲሊንደሩ ጋቢ ሥር፣ ሰውነት አጠገብ ይሞቃል፣ ብርድ የሚመታው ቀላሉን መሣሪያ ብቻ ይሆናል።

በነገራችን ላይ ይህ መሣሪያ ለጨዋታ አልተወለደም። ኔልሰን የተባለው የአሜሪካ የቀለም ድርጅት፣ የደን ሠራተኞች የሚቆረጠውን ዛፍ፣ ከብት አርቢዎችም የሚለዩትን ከብት ከሩቅ ምልክት እንዲያደርጉበት ያዘጋጀው ነው፤ ኔልስፖት 007 የሚባለውን የአየር ጠመንጃ አምራቹ ዴይዚ ሠራለት። እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 1981 በኒው ሃምፕሻየር፣ ሄኒከር በምትባል ከተማ 12 ሰዎች ይህንኑ የዛፍ መቀቢያ ይዘው ጫካ ገቡ፤ የመጀመሪያው የፔይንትቦል ግጥሚያ እሱ ነው። ማን አሸነፈ? ሪቺ ዋይት የሚባል የደን ባለሙያ፣ አንዲት ጥይት ሳይተኩስ ባንዲራዎቹን ሁሉ ሰብስቦ ወጣ። ይህን ሰውዬ ባገኘው ቡና እጋብዘው ነበር። ለማንኛውም መሣሪያው ከጥንቱም የቀቢ ዕቃ ነው፤ እኔም የሙያ ዘመዴን አገኘሁ እንጂ ጦር ሜዳ አልዋልኩም።

ጎንደር ስመለስ ሻንጣዬን በቅጡ ሳልፈታ ግቢያችን ገባሁና የራሴን የቀለም መርጫ አንስቼ አየሁት። ከሥሩ አንድ ሊትር የሚይዝ ጣሳ ተንጠልጥሎበታል፤ የዘይት ቀለም ሲሞላበት ከአንድ ኪሎ በላይ ነው፣ ማታ ላይ የእጅ አንጓ ይነግራችኋል። የበረንዳ ጣሪያ ከሥር ለመርጨት ወደ ላይ ሲያነሱት ደግሞ፣ በክዳኑ ላይ ካለችው የመተንፈሻ ቀዳዳ ቀለሙ ወደ እጅጌ ይንጠባጠባል፤ መሳቢያዋ ቀጭን ቱቦ ከቀለሙ ትወጣና አየር ትስባለች፤ መርጫው ትፍ ትፍ ይላል፣ ብረቱ ይዥጎረጎራል። የዴንቨሩ በሽታ እኮ ነው! እዚያ ሲያዘነብሉት ፈሳሹ የማይፈለግበት ይሄዳል፣ እዚህ የሚፈለግበት አይደርስም። ሁለቱም ጋ ጥፋቱ ያለው ዕቃው እጅ ላይ በመንጠልጠሉ ነው።

መድኃኒቱም አንድ ነው። ፕሬዠር ፖት የምትባል ሁለት ሊትር የምትይዝ የተደፈነች ጣሳ አለች፤ መሬት ላይ ትቀመጣለች ወይም ቀበቶ ላይ ትንጠለጠላለች። ከኮምፕሬሰሩ የሚመጣው አየር ክዳኗ ላይ ባለው መቆጣጠሪያ ገብቶ ቀለሙን ከላይ ይጫነዋል። ከእሷ ወደ መርጫው ሁለት ጎማ ይሄዳል፤ በአንዱ አየር፣ በአንዱ ቀለም። እጅ ላይ የሚቀረው መርጫው ብቻ! አፈላልጌ አስመጣኋት። የመጀመሪያ ቀን የባጃጅ ወለል ከሥር ልረጭ ካርቶን ላይ በጀርባዬ ተኛሁ፣ መርጫውን ሽቅብ ገለበጥኩት፣ ቃታውን ሳብኩ። ሳይቆራረጥ፣ ሳይንጠባጠብ፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ የቀለም ጉም! ረዳቴ አጎንብሶ አይቶ «አለቃ፣ ተገልብጦም ይሠራል እንዴ?» አለ። ይሠራል ወንድሜ፣ ይሠራል!

ከዚያ በኋላ እብደቱ ወደ ኮምፕሬሰሩ ተሻገረ። ድሮ እግራችን ሥር ነበር የሚያጓራው። አሁን ረጅም ጎማ ገዝቼ ከግቢው ወዲያኛው ጥግ አሰናበትኩት። ጆሮአችን ማረፉ አንድ ነገር ነው። ዋናው ግን የሚስበው አየር ቀለምና ቲነር የሌለበት ንጹሕ አየር መሆኑ ነው፤ የሞተሩ ብልጭታም ከቲነር ትነት ራቀ። ርቀቱ ደግሞ ሌላ ውለታ ዋለልኝ። የታመቀ አየር ትኩስ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ እርጥበቱንም አብሮ ይዞ። በሐምሌና በነሐሴ የጎንደር አየር ውሃ ነው፤ ማታ የታንኩን የታች መክፈቻ ላላ ስታደርጉት ቡናማ ውሃ ይተፋል። አጭር ጎማ ላይ ያ ትኩስ አየር ሳይበርድ መርጫው ጋ ይደርስና ከበረደ በኋላ ውሃውን ቀለሙ ላይ ይጥለዋል፣ ክብ ክብ ጠባሳ ይሆናል። ረጅም ጎማ ላይ ግን እግረ መንገዱን ይበርዳል፣ ውሃው ይለያል፣ መጨረሻው ላይ የገጠምኳት የውሃ ማጥመጃ ብርጭቆ ትቀበለዋለች። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በመንገድ ጋዝ ሆነ፤ የእኔ አየር በመንገድ ደረቀ። ስምንት ሜትር ጎማ እንዲህ ያለ ሙያ አላት!

ይህን ሁሉ ሳስብ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ወጣ ስትሉ የምታገኟት ወለቃ ትዝ ትለኛለች። የቤተ እስራኤል አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች መንደር ነበረች። የአንጥረኛውን ወናፍ ያየ ያውቀዋል፦ ሁለት የፍየል ቆዳ አቅማዳ፣ አንዱ ሲሞላ ሌላው ይጨመቃል፣ ነፋሱ አይቋረጥም። ወናፉን የሚነፋው ሰው ከፍሙ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ነፋሱ በቱቦ ይሄዳል፤ እሳቱ አፍ ላይ ያለችው ጫፍ ሸክላ ናት፣ ቆዳ ፍም ፊት አይቆማትምና። አንጥረኛው ነፋስ የሚያመነጨውን ከነፋስ ተጠቃሚው አርቆ እጁን ለመዶሻው ነፃ አድርጓል። ሪሞት ላይን ማለት ይህ አይደለም እንዴ? የማትነቀፍ ምሕንድስና እዚሁ አጠገባችን ነበረች፤ ባለእጁን ግን በቡዳነት ስናማ ኖርን። ይህ ያናድደኛል።

ጎማዋ እንከን የላትም አልልም። ጎማ ይጎተታል፤ አሁን የተረጨ በር ላይ ተጎትቶ ሲያልፍ የሚጥለውን መስመር ያየ ቀቢ ያለቅሳል። ለዚህ ጎማውን በትከሻ አሳልፎ ከኋላ በቀበቶ መያዝ ነው፣ ልክ ወንድሜ እንዳደረገልኝ። የቀለሙን ጎማ ማጠብ ቲነር ይበላል፣ ቲነር ደግሞ ዋጋው አይቀመስም፤ ስለዚህ ለአንዲት የመስኮት ፍሬም አሁንም አሮጌዋን ጣሳ አነሳለሁ። ጎማው ቀጭን ከሆነ ግፊት መንገድ ላይ ይቀራል። ታንኩ ላይ ያለውን ሰዓት አትመኑ፤ ቃታው ተስቦ ሳለ መርጫው ሥር ስንት ባር እንደሚደርስ እዩ። ስትገዙም የውስጡን ስፋት ተመልከቱ እንጂ በውጪው ውፍረት አትታለሉ።

ረዳቴ አሁን ልቡ ተነሥቷል። ደባርቅ የሆቴል አጥር ልንረጭ ነው፤ «አለቃ፣ ኮምፕሬሰሩን ምን አስጫነን? ጎሚስታው ጋ አንድ ታንክ አየር አስሞልተን እንሂድ፣ እንደ ፔይንትቦሉ» ይለኛል። ወረቀት አውጥቼ አሰላሁለት። ሃምሳ ሊትር ታንክ በ8 ባር ቢሞላ፣ መርጫው እስከሚፈልገው 3 ባር እስኪወርድ የሚሰጠን 250 ሊትር አየር ነው። የእኛ መርጫ በደቂቃ 200 ሊትር ገደማ ይጠጣል። አንድ ደቂቃ ከሩብ! በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፈንታ የታመቀ አየር የሚይዘው የፔይንትቦል ሲሊንደር የሚችለው እስከ 300 ባር ስለሚሞላና ለአንዲት ሦስት ግራም ጥይት ጭላፊ ብቻ ስለሚሰጥ ነው። ስለዚህ ኮምፕሬሰሩ ይጫናል። ቢጫንም ደባርቅ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ከመቶ 71 ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ጎንደር ላይ ከመቶ 78 ገደማ አግኝቶ እንኳ የሚዘገየው ሞተራችን እዚያ ታንኩን ለመሙላት ይበልጥ ይንገታገታል፤ እየረጩ ማረፍ ግድ ነው። ጎማውን ግን አሥር ሜትር ጨምሬበታለሁ፤ ኮምፕሬሰሩ ሆቴሉ ጓሮ ይቀመጣል፣ እኛ ከነመርጫችን አጥሩን እንዞራለን።