የኤም ቢ ኤ ትምህርት ቤት አመራረጥ በጐንደር፤ ሒስ

በጐንደር ከተማ፥ በፒያሳና በማራኪ መንገድ ላይ የሚለጠፉትን የትምህርት ማስታወቂያዎች የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ይኸውም የመመዝገቢያው ቀንና «መደበኛ፥ የማታ፥ የቅዳሜና እሑድ፥ የርቀት» የሚለው ቃል በጉልህ ሲጻፍ፥ የሚያስተምረው ሰው ማን እንደ ኾነ ብዙውን ጊዜ አለመነገሩ ነው።

አገራችን ትምህርት ቤት መምረጥን የማታውቅ አልነበረችም። የቤተ ክህነት ተማሪ ድጓ ለማስመስከር ቤተልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ዙር አምባ፥ አቋቋም ለመማር ጐንደር በኣታ የሚሄደው የመምህሩን ስም ጠይቆ፥ ሙያው ከማን እንደ ተቀዳ አውቆ ነው። (እኔ የሚስዮን ተማሪ ቤት ልጅ ስለ ኾንኩ ይህን የማውቀው ከጎረቤት ነው፤ ቢኾንም ያስቀናኛል።) የንግድ አስተዳደር ማስተርስ የሚሻው የባንክ ሠራተኛ ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው «ወረቀቱ ለደረጃ ዕድገት ይያዝልኛልን?» ብሎ ነው። አልፈርድበትም፤ መሥሪያ ቤቱም የሚጠይቀው ወረቀቱን ነውና። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም ተማሪውን ይመዝናል እንጂ ትምህርት ቤቱን አይመዝንም።

መደበኛና የማታ የሚባለው ልዩነት ከሁሉ በፊት የኪስ ልዩነት ነው። መሥሪያ ቤቱ ደመወዙን ሳያቋርጥ፥ ተመልሶ እንዲያገለግል ውል አስፈርሞ የላከው ሰው መደበኛውን ይማራል፤ ያልተላከው ሥራውን እንደ ያዘ ከደመወዙ ቀንሶ ይከፍላል። ስለዚህ አንዳንድ ጓደኞቻችን የቅዳሜና እሑዱን ተማሪ እንደ ግማሽ ተማሪ መቍጠራቸው ስሕተት ይመስለኛል። ሰኞ የብድር ማመልከቻ ሲመረምር ውሎ ቅዳሜ ስለ ብድር የሚማር ሰው፥ ደመወዝ ተቀብሎ ከማያውቅ የሙሉ ቀን ተማሪ ይልቅ የሚጠይቀው ነገር አለው። ጥፋቱ የሚመጣው መምህሩ ያን ጥያቄ ሳይነካ ከመጽሐፉ ያነበበለት እንደ ኾነ ነው።

መጽሐፉም ቢኾን! በ1908 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሐርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ያስፋፋው፥ በእውነተኛ ድርጅት ጉዳይ ላይ እየተከራከሩ የመማር ዘዴ ጥቅሙ ተከራካሪዎቹ ገበያውን ማወቃቸው ነው። የእኛ ተማሪ ግን ስለ አሜሪካ መደብር ሲከራከር የመተማ ሰሊጥ በአጠገቡ ተጭኖ ያልፋል። በ2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ኋላ ሰሊጥን ሲያገበያይ፥ ገበሬው፥ ደላላውና ባለመጋዘኑ ምን አተረፉ፥ ምንስ አጡ? ይህ ብቻ ለአንድ ወሰነ ትምህርት ክርክር ይበቃ ነበር።

በሰሜን ጐንደር ደጋ ለሚኖረው ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ደባርቅ ከጐንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ዓርብ ማታ ወርዶ እሑድ ማታ ለመመለስ አካልም ገንዘብም ይጠይቃል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልሉ ጦርነቱ ከተስፋፋ በኋላ መንገዱ በየጊዜው ተዘጋ፤ የእጅ ስልክ ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ስለ ተቋረጠ የርቀት ትምህርት እንኳ መጠጊያ መኾኑ ቀረ። እንዲህ ያለው ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሬጅስትራሩን ሁለት ነገር ቢጠይቅ መልካም ነው። መንገድ ቢዘጋ ያለፈኝ ፈተና በሌላ ቀን ይሰጠኛልን? የመመረቂያ ጽሑፌን የሚያርመው መምህር ከእኔ ሌላ ስንት ተማሪ ይዟል? የፊተኛውን መልስ በጽሑፍ ቢቀበል ይሻለዋል።