ካሳ የሌለው ጸጸት

ልጅዎ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ሲጫወት ሲያዩት ምን ይታይዎታል? አብዛኞቻችን የሚታየን የሚባክነው ጊዜ ነው። «ተነስ እንጂ፣ መግሪብ ደረሰ!» ብለን እንጮሃለን፤ እርሱም «እሺ፣ አንዴ» ይላል፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ለመሆኑ ጨዋታው ውስጥ ምን እየሆነ ነበር? ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ጥቂት ነው። ይህ ጸሐፊም ከማይጠይቁት አንዱ ነበር።

የእህቴ ልጅ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ጨርሶ ውጤት በሚጠባበቅበት ሰሞን አንድ ምሽት እኛ ቤት አደረ። እራት ቀርቦ እጁን አልሰደደም። እናቴ «ምነው ልጄ፣ አሞሃል?» ብትለው ዝም አለ። ቆየት ብሎ «እማማ፣ አንድ ሽማግሌ ዘረፍኩ» አላት። እናቴ እጇ ላይ የያዘችው ሳህን ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ለካስ የዘረፈው በስልኩ ውስጥ ኖሯል! እርሷ «አዑዙ ቢላህ፣ አስደነገጥከኝ» ብላ ስቃ አለፈችው። እኔ ግን መሳቅ አልሆነልኝም። የልጁ ፊት የሚያስቅ አልነበረምና።

ጨዋታው «ዚስ ዋር ኦፍ ማይን» ይባላል፤ «ይህ የእኔ ጦርነት» እንደማለት ነው። ያዘጋጀው በፖላንድ ዋና ከተማ በዋርሶ የሚገኘው ኢለቨን ቢት ስቱዲዮስ የተባለ ድርጅት ሲሆን ለገበያ የቀረበው በ2014 ነው (የውጭውን ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ከሌሎች የጦርነት ጨዋታዎች የሚለየው ተጫዋቹን ወታደር አለማድረጉ ነው። ጠላት የሚያሳድድ ጀግና የለም። ያሉት በተከበበ ከተማ ውስጥ፣ በግማሽ በፈራረሰ ቤት የተጠለሉ ጥቂት ሰላማዊ ሰዎች ናቸው። ቀን ቀን አነጣጥረው የሚተኩሱ ስላሉ ደጅ መውጣት አይቻልም። እቤት ተቀምጦ የዝናብ ውኃ ማጣራት፣ ምድጃ መሥራት፣ ብርዱ ሲብስ መጽሐፍ ሳይቀር ማንደድ ነው። ሲመሽ አንደኛው ይወጣና ምግብ፣ መድኃኒትና እንጨት ፍለጋ በየቤቱ ይበረብራል።

ከነዚህ ቤቶች በአንደኛው ሁለት አዛውንት፣ ባልና ሚስት፣ ይኖራሉ። ምግብ አላቸው፤ መድኃኒት አላቸው፤ የሚከላከሉበት መሣሪያ ግን የላቸውም። ሽማግሌው ከክፍል ወደ ክፍል እየተከተሉ «እባክህ ተወን» እያሉ ይለምናሉ። ተጫዋቹ ሁሉንም ጠራርጎ ቢወስድ የሚያስቆመው የለም። ጉዱ የሚመጣው ወደ መጠለያው ሲመለስ ነው። ያ ዘርፎ የመጣው ሰው አንገቱን ይደፋል፤ በሠራው ሥራ ይብሰለሰላል። ሐዘኑ እየበረታ ከሄደ ከተቀመጠበት መነሳት ያቅተዋል፤ ራሱን እስከማጥፋት የሚደርስም አለ።

እስቲ ልብ ይበሉ! በብዙዎቹ ጨዋታዎች ልጆቻችን ሰው በገደሉ ቁጥር ነጥብ ይጨመርላቸዋል። እዚህ ግን የደካማን እንጀራ የነጠቀ ሰው ሆዱ ቢሞላም ቀልቡ ይታወካል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሰኔ 2020 የፖላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ጨዋታው ለትምህርት ቤቶች በአማራጭነት ከሚቀርቡ ንባቦች ዝርዝር ውስጥ እንደሚገባ ሲያስታውቁ ብዙ ሰው ተገርሞ ነበር፤ እኔ ግን ልጁን ያንን ምሽት ካየሁት በኋላ አልገረመኝም። የእህቴን ልጅ እራቱን ያስተወው መጽሐፍ እስከዛሬ አላየሁም።

ነገር ግን ሙገሳዬ እዚህ ላይ ይቆማል።

በማግስቱ ልጁን ከጎኔ አስቀምጬ አሳየኝ አልኩት። ሲያሳየኝ አንድ ነገር ከነከነኝ። የዚያ የዘራፊው ሐዘን የሚለቀው በምንድነው? ጓደኞቹ አጠገቡ ተቀምጠው ያጽናኑታል። እንደየሰዉ ልማድ ቡና ይጠጣል ወይም ሲጋራ ያጨሳል። ቀናት ያልፋሉ። ከዚያም ሐዘኑ ይለቀዋል! እውነት ለመናገር ሌላም መንገድ አለ፤ ለታመመች እናታቸው መድኃኒት ፍለጋ በር የሚያንኳኩ ልጆች ይመጣሉ፤ እነርሱን የረዳ ሰው ፊቱ ይፈታል። ይህ ደግ ነው። ሽማግሌውስ? የተወሰደባቸውን የምንመልስበት፣ ይቅርታ የምንጠይቅበት መንገድ ይኖር እንደሆን እኔና ልጁ ፈልገን አላገኘንም።

የፊቅህ ሊቃውንት ይህንኑ ጉዳይ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ሳይታሰብ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ተነጋግረውበታል። ረሃብ ነፍሱን ሊያሳጣው የተቃረበ ሰው ከሌላው ሰው ምግብ ሕይወቱን የሚያተርፍበትን ያህል መውሰድ ይችላል። ባለምግቡም እንደርሱው በሞት አፋፍ ላይ ካለ ግን ሊነካበት አይችልም፤ የአንዱ ነፍስ ከሌላው አትበልጥምና። ከዚህም ሌላ ብዙዎቹ ዑለማእ ወሳጁ ሲያገኝ ዋጋውን የመክፈል ዕዳ አለበት ይላሉ። ዶሩራ ወንጀሉን ያነሳለታል እንጂ የሰውየውን ሐቅ አይሰርዝም። ተውባም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ የሰው ሐቅ ያለበት ሰው መጸጸቱ ብቻውን አይበቃውም፤ ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ አለበት።

ይህንን ስነግረው ልጁ ቆጣ ብሎ «አጎቴ፣ ጨዋታ እኮ ነው!» አለኝ። «ትናንት ማታ ጨዋታ ነበር እንዴ?» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም።

እንግዲህ በዚህ ጨዋታ ላይ ያለኝ ቅሬታ ይህ ነው። ጸጸትን ይቀሰቅሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጸጸቱ ልክ እንደ ጉንፋን በጊዜ ብዛት የሚለቅ ሕመም ይሆናል። በደልን የሚያክመው ካሳ መሆኑ ቀርቶ ቡናና ዕረፍት ይሆናል። ወጣቱ የሚማረው «አዝኛለሁ፣ ስለዚህ ጥሩ ሰው ነኝ» የሚለውን እንዳይሆን እሰጋለሁ። ማዘን ደግሞ ከሁሉም የሚረክስ ዋጋ ነው፤ ሽማግሌውን አያበላም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ከዚህ ይብሳል። የጨዋታው ከተማ ፖጎረን ይባላል፤ በካርታ ላይ የለም። አዘጋጆቹ ግን ሐሳቡን ከሳራየቮ ከበባ መውሰዳቸውን አልደበቁም። ያኔ የነበርን እናስታውሳለን። አባቴ (አላህ ይዘንለት) ማታ ማታ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ የቦስኒያን ወሬ ሲከታተል እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ሳራየቮ የሚለውን ስም የሰማሁት ከብዙ የአገራችን ከተሞች ስም በፊት ነው። ከበባው ከሚያዝያ 1992 እስከ የካቲት 1996 ድረስ ከ1,400 ቀናት በላይ ቆየ። በ2012 ሃያኛው ዓመት ሲታሰብ በከተማይቱ ዋና ጎዳና ላይ 11,541 ቀይ ባዶ ወንበሮች ተደርድረው ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሟች አንድ ወንበር። ከነዚያ ውስጥ 643ቱ ትናንሾች ነበሩ። የሕፃናት ናቸውና።

ፖጎረን ላይ ተኳሾቹ እነማን ናቸው? የሚተኩሱትስ በማን ትእዛዝ ነው? ጨዋታው ዝም ይላል። ጦርነቱ ልክ እንደ ክረምቱ ብርድ ከሰማይ የወረደ ነገር ይመስላል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ስም ባይሰጠው የየትኛውም አገር ሰው «ይህ የእኔ ከተማ ነው» ሊል ይችላል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ሳራየቮ ላይ የሆነው ባለቤት አልባ አልነበረም። ስታኒስላቭ ጋሊች የተባለው ጄኔራል ከተማይቱን በከባድ መሣሪያ በማስደብደብና ሰላማዊ ሰዎችን በአነጣጣሪዎች በማስገደል ዘ ሄግ ላይ በተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ2006 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበታል። ራዶቫን ካራጂች በ2019፣ ራትኮ ምላዲች በ2017 ያው የዕድሜ ልክ ፍርድ አግኝቷቸዋል። ዙልሙ ባለቤት ነበረው፤ በስሙም ተጠርቶ ተከሷል። በጨዋታው ግን ጣት የሚቀሰርበት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም የተራበው ነው! ከበባውን ያጠረው ሳይጠየቅ ዳቦ የሰረቀው ራሱን ይሰቅላል። የእህቴ ልጅ ያን ምሽት ሙሉ ራሱን ሲወቅስ፣ ሽማግሌውን ማን አስራባቸው የሚል ጥያቄ አንድ ጊዜ እንኳ አልመጣበትም።

ደግሞ ሳራየቮ ውስጥ ሰው ሁሉ ሌሊት ሌሊት የሰው ቤት ሲበረብር የኖረ አይምሰልዎ። ሌባም አትራፊ ነጋዴም ነበር፤ ያለርሱ ጦርነት የለም። ነገር ግን ላ ቤኔቮሌንሲያ የተባለው የአይሁድ በጎ አድራጎት ማኅበር መድኃኒቱንና ሾርባውን ሙስሊም፣ ሰርብ፣ ክሮአት ሳይል ያድል ነበር። የሙስሊሞቹ ማኅበር መርሐመትም ወጥ ቤቶች ነበሩት። ልጆች በየምድር ቤቱና በየደረጃው ሥር ይማሩ ነበር። በ1993 ደግሞ በአውሮፕላን ማረፊያው ሥር 800 ሜትር ያህል የሚረዝም ዋሻ በእጅ ቆፍረው እህልና ቁስለኛ አመላልሰውበታል። ይህ ሁሉ ብዙ ሰው ሆኖ የሚሠራ ነው። ጨዋታው በአንድ ቤት ውስጥ ያሉትን ጥቂት ሰዎች ብቻ እንድናድን ስለሚያዘን፣ ጎረቤት ወይ ለማኝ ወይ የሚዘረፍ ይሆናል። የጎረቤት ሐቅ ሲባል እየሰማ ላደገ ልጅ ይህ ጎዶሎ ሥዕል ነው።

ታዲያ ለልጆቻችን እንከልክል? ለትናንሾቹ አዎ፣ ያለ ማመንታት። ፖላንዶች እንኳ የፈቀዱት 18 ዓመት ለሞላው ተማሪ ነው። አንድ የታጠቀ ወታደር ምግብ ፍለጋ የወጣችን ልጃገረድ ሲያስገድድ ሊያጋጥም ይችላል፤ ተጫዋቹ ወይ ይጋፈጠዋል ወይ ተደብቆ ይሄዳል። ይህ ለ10 ዓመት ልጅ የሚሆን አይደለም፤ ስልክ ግን ዕድሜ ሲያጣራ አላየሁም። በጦርነት ካለፈ ቤት የመጣ ልጅ ከሆነ ደግሞ (በአገራችን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የሆነውን ማንም አይረሳም) ትልቅም ቢሆን ባይሰጡት ይሻላል፤ እርሱ የሚያውቀውን ጨዋታ አያስተምረውም። ለደረሰው ወጣት ግን አብረውት ይቀመጡ እንጂ አይከልክሉት። እኔ ለእህቴ ልጅ የአባቴን ሬዲዮ፣ ወንበሮቹንና የነዚያን ሦስት ሰዎች ስም ነገርኩት። ካርታ አውጥቶ ሳራየቮን ፈለገ።

ከሳምንት በኋላ እንደገና ጀመረው። ሽማግሌው ቤት ደርሶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ከሰዎቹ አንዱ ታሞ ነበርና መድኃኒት አጥቶ ሞተበት። ስልኩን አስቀምጦ ወደ ማዕዱ ሲመጣ እናቴ «ዛሬስ ማንን ዘረፍክ?» አለችው።

«ማንንም፣ እማማ። ተሸነፍኩ።»

«እጅህን ታጠብ» አለችው።