የንድፍ ደብተር ገበያ ሲወጣ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከራሱ ከጠረጴዛው ልጀምር። በአንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛዎች እንደ ፈተና ቀን በረድፍ ተደርድረዋል። ከየጠረጴዛው ኋላ አንድ ሠዓሊ ተቀምጧል። ከፊቱ ቀጫጭን መጻሕፍት ተከምረዋል፤ ራሱ ሥሎ፣ በራሱ ገንዘብ አሳትሞ፣ አንዳንዴም ሌሊቱን በገዛ እጁ አጥፎ በሽቦ የሰፋቸው ናቸው። ተመልካች ይመጣል፤ አንዱን ያነሣል፤ ይገልጣል። ሠዓሊው የማያይ መስሎ ያያል። ከዚያ ወይ «ስንት ነው?» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ወይ መጽሐፏ ወደ ነበረችበት ትመለሳለች።

እንዲህ ያለው ስብሰባ በአሜሪካ ኮንቬንሽን ይባላል፤ የኮሚክስ፣ ማለት በተከታታይ ሥዕል የሚነገር ታሪክ አድናቂዎች ጉባኤ ነው። በ1970 ሳን ዲዬጎ ከተማ የተጀመረው ጉባኤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ሲሰበሰብ ተካፋዩ ሦስት መቶ ያህል ነበር፤ በኋላ ከ130,000 በላይ ሰው የሚጎርፍበት ሆኗል። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) እኔ ግን ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ስለ ጉባኤው ድምቀት ለማውራት አይደለም። ሂስ ላቀርብ የፈለግሁት በዚያ ጠረጴዛ ላይ ስለምትሸጠው፣ ሠዓልያኑ «ስኬች ቡክ» ስለሚሏት የንድፍ ደብተር ነው።

«ደግሞ ለንድፍ ደብተር ምን ሂስ ያስፈልገዋል? ያላለቀ ነገር አይደለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ክርክሬም እዚሁ ላይ ነው። ያላለቀ ነገር በገንዘብ ለሕዝብ ሲቀርብ ሻጩ የሚሸጠው ምኑን ነው? ገዢውስ የሚገዛው ምኑን?

መጀመሪያ ሠዓሊው ለምን እዚህ ነገር ውስጥ እንደሚገባ እንይ። አንድ ሥዕል አንድ ነው፤ የሚገዛውም አንድ ሰው ነው፤ ያም ባለ ገንዘብ ነው። ረጅም የሥዕል ታሪክ ሠርቶ ለመጨረስ ደግሞ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። ደብተሩ ግን ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ አለ። ከውስጡ ሠላሳ ስድስት ገጽ ያህል መርጦ ቢያሳትም (ወረቀት አንዴ ሲታጠፍ አራት ገጽ ስለሚወጣው፣ በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ ገጹ በአራት የሚካፈል መሆን አለበት) ሥዕሉን ለመግዛት አቅም የሌለው ተማሪም ቢሆን የእጁን ሥራ ይዞ ቤቱ ይገባል። ይኼ መልካም ነው። ማንም አይቃወመውም።

ሒሳቡን ስናየው ግን ነገሩ ይጠብቃል። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ መቶ ቅጂ ለማሳተም 4,000 ብር ፈጀ እንበል። ለጠረጴዛ ኪራይ፣ ለመጓጓዣ፣ ለማደሪያና ለምግብ ደግሞ 3,000 ብር ወጣ። አንዷን ቅጂ በ100 ብር ቢሸጥ፣ ያወጣውን ብቻ ለመመለስ ሰባ ቅጂ መሸጥ አለበት። ትርፍ የሚባለው ከሰባ አንደኛዋ ይጀምራል። ያልተሸጠውንም እንደገና ተሸክሞ መመለስ አለ፤ ወረቀት ደግሞ ይከብዳል። እንግዲህ ይህን ሒሳብ በሆዱ የያዘ ሰው ከደብተሩ ገጽ ሲመርጥ እጁ ወዴት የሚያዘነብል ይመስላችኋል? ሰው ወደሚያውቀው ነው። ፊልም ላይ ወደታየው ጀግና፣ ፖስተር ላይ ወደተለጠፈው መልክ፣ ላጲስ ወዳጠራው ንጹሕ መስመር ነው። በዚህ ዓይነት የንድፍ ደብተር የተባለችው ንድፍ የሌለባት የንድፍ ደብተር ትሆናለች። ስሟ «ፍለጋ» ነው፤ ውስጧ ግን ተፈልጎ የተገኘው ብቻ አለ።

የንድፍ መጽሐፍ ማሳተም የዛሬ ፈሊጥ አይደለም። ጃፓናዊው ሠዓሊ ሆኩሳይ «ሆኩሳይ ማንጋ» የተባለውን ሥራውን የመጀመሪያ ቅጽ ያወጣው በ1814 ነው። ጠቅላላው 15 ቅጽ ሲሆን የመጨረሻው የታተመው እሱ በ1849 ከሞተ ከ29 ዓመት በኋላ፣ በ1878 ነው። ትግል የሚገጥሙ ሰዎች፣ ገላቸውን የሚታጠቡ ሴቶች፣ ነፋስ ልብሳቸውን የሚገልብባቸው መንገደኞች፣ አሣው፣ ነፍሳቱ፣ የቤት ዕቃው፣ ሁሉም አለ። ሲያዩት በጥድፊያ የተጫረ ይመስላል። አሠራሩ ግን እንዲህ ነበር፦ ሥዕሉ ያለበት ስስ ወረቀት በእንጨት ላይ በግልባጩ ይለጠፋል፤ ጠራቢው መስመሩን እየተከተለ ሲጠርብ ወረቀቱ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ አንባቢ የሠዓሊው ፈጣን እጅ ብሎ የሚያደንቀው የጠራቢውን ትዕግሥት ጭምር ነው። ስቴንስል ላይ በብረት ብዕር ሥዕል ጭሮ የሚያውቅ ሰው ይህ ይገባዋል። ሰሙ አንዴ ከተጫረ ተጫረ ነው፤ በማረሚያ ቀለም ቢደፍኑትም ጠባሳው ይታያል።

ከዚህ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ። የታተመ ንድፍ በድንገት የወደቀ ነገር አይደለም። አንድ ሰው መርጦ፣ ቀድቶ፣ አባዝቶ ያቀረበው ሥራ ነው። ስለዚህ ሠዓሊው «ንድፍ ብቻ እኮ ነው» ብሎ ከሂስ ሊሸሸግ አይችልም። ምርጫው ራሱ ድርሰት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌዬ አሜሪካዊው ሮበርት ክራምብ ነው። በ1968 «ዛፕ ኮሚክስ» የተባለችው መጽሔቱ የመጀመሪያ እትም ስትወጣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ፣ ሄይት በተባለው ጎዳና፣ ከባለቤቱ ጋር በሕፃን ጋሪ እየገፉ ሸጠዋታል። እንግዲህ ጉባኤውም አዳራሹም ያ ጋሪ ነበር ማለት ነው። ይህ ሰው የንድፍ ደብተር ከእጁ አይለይም። ምግብ እስኪቀርብለት ድረስ በምግብ ቤት የወረቀት ምንጣፍ ላይ የሣላቸው ሥዕሎች እንኳ ኋላ ተሰብስበው መጽሐፍ ሆነዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ስድስት የንድፍ ደብተሮቹን ሰጥቶ በደቡብ ፈረንሳይ የመኖሪያ ቤት ለወጠባቸው።

የክራምብ ደብተሮች ጉልበት ምኑ ላይ ነው? ደብተሩ ላይ በቀጥታ በቀለም ስለሚሥል ጥርጣሬውም ስሕተቱም እዚያው ይቀራል። ግን ከዚህ ላይ ቆም ብለን ልብ እንበል። ሴቶችንና ጥቁር ሕዝብን የሣለበት መንገድ ለብዙ ዓመታት ብርቱ ወቀሳ አስነሥቶበታል፤ ወቀሳውም ባዶ አይደለም። በሐቅ የተገለጠ ክፋት ሐቅ ስለሆነ ብቻ መልካም አይሆንም። ስለዚህ እኔ «የመጣላችሁን ሁሉ አሳትሙ» አላልኩም። ገመናን ማስጣት ብቻውን ጥበብ አይደለም። የምለው፣ ከደብተር የሚወጣ ገጽ አንድ መመዘኛ አለው፦ ሠዓሊው አንድን ነገር ለማየት ሲታገል ያሳያል ወይ? ካሳየ ቢጎድፍም ይግባ። ካላሳየ ቢያምርም ይቅር።

«ገበያ ኪነ ጥበብን ይገድላል፤ ጠረጴዛውስ ለምን አስፈለገ?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ይህን በቀላሉ አልቀበልም። በታኅሣሥ 1975 ቶኪዮ ውስጥ «ኮሚኬት» የተባለው የራስ አሳታሚዎች ገበያ ሲጀመር የቀረቡት 32 ቡድኖች፣ የመጣውም ሰው ሰባት መቶ ያህል ነበር። በነሐሴ 2019 በአራት ቀን ውስጥ የተቆጠረው ተካፋይ 730,000 ነው። ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የገረመኝ መመሪያቸው ነው። እዚያ «ደንበኛ» የሚባል የለም፤ ሻጩም፣ ገዢውም፣ አስተናባሪውም «ተሳታፊ» ነው የሚባለው። እርግጥ ከሚሸጡት መጻሕፍት ብዙዎቹ በታወቁ ታሪኮች ውስጥ ያሉ ገጸ ባሕርያትን እየወሰዱ የተሠሩ ናቸው። ይህን ግን አልንቅም፤ ሰው ሌላውን እያየ ነው የሚጀምረው።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ገለል ብሎ የቆጠረውን ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ ይናገረዋል፤ እዚያው ይታረማል። ያልበሰለውን ደብቆ የበሰለውን ብቻ ይዤ ልቅረብ ቢል መቼ ይማራል? ጠረጴዛውም እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ሠዓሊው ከመጽሐፉ ኋላ ተሸሽጎ መቅረት አይችልም። አንባቢው ከፊቱ ቆሞ ይገልጣል፤ የትኛው ገጽ ላይ እንደዘገየ፣ የትኛውን እንደዘለለ ይታያል። መጽሐፏን መልሶ ሲያስቀምጥም ያው ሂስ ነው፤ ያውም ቃል የሌለው፣ መልስ የማይሰጥበት ሂስ።

ይህን ሁሉ የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ከእኔ ጋር አንድ ዶርም የሚኖር ልጅ ነበር። ምግብ ለመቀበል ተሰልፎም፣ አውቶቡስ ውስጥም ይሥላል። ደብተሩን በፎቶ ኮፒ አባዝተን በአንድ የክበቦች ቀን ለመሸጥ ተስማማን። ገጽ መራጩ እኔ ሆንኩ፤ ሥነ ጽሑፍ አውቃለሁ ባይ ነበርኩና። ከደብተሩ ውስጥ ሰባት ገጽ ሙሉ የእናቱ እጅ ነበር፤ ምስር ስትለቅም። አንዱ ገጽ ላይ አውራ ጣቷን አራት ጊዜ፣ አንዱን ባንዱ ላይ ሥሎታል። «እነዚህ አላለቁም፤ አውጣቸው» አልኩት። አወጣቸው። በምትካቸው የታወቁ ዘፋኞችና ኳስ ተጫዋቾችን መልክ አስገባን። ስልሳ ቅጂ ነበር፤ ሁለቱ ሲቀሩ ሁሉም ተሸጠ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም።

ከካፌው ሠራተኞች አንዷ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት፣ መጥተው መጽሐፏን ከዳር እስከ ዳር ገለጡና መልሰው አስቀመጡ። «ያምራል ልጆቼ። ግን እነዚህን ሁሉ ግድግዳ ላይ አይቻቸዋለሁ። የናንተ የቱ ነው?» አሉን። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አላለም። እኔም ምን ልበል?

ከዚያ ወዲህ ጓደኛዬ ሰዎች የሚያዙትን መልክ እየሣለ ኪሱን ይደጉማል፤ ሰልፍ ላይ ግን ሲሥል አላየሁትም። በእኔ ምክንያት ነው ብዬ ራሴን ትልቅ ላድርግ አልፈልግም። ግን ባለፈው ወር እነዚያን ሰባት ገጾች እንዲያሳየኝ ለመንኩት። አልጣላቸውም። እንደገና አየኋቸው። አራተኛው አውራ ጣት ትክክል ነው፤ ጠጠሯን ጫን አድርጎ የያዘ፣ የደከመው ጣት ነው። ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ግን ሦስቱ ያልሆኑት ከሥሩ ስላሉ ነው። እነሱን ላጲስ ቢያጠፋቸው ኖሮ የሚቀረው ተራ ጣት ነበር። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚባለው እዚያ ገጽ ላይ በዓይን ይታያል፤ እኔ ግን ንጋቱን ብቻ ፈልጌ ሌሊቱን ቆርጬ ጣልኩት።

እንግዲህ ደብተር ያላችሁ ጓደኞቼ፣ ምክሬ ይህ ነው። ጥቂት ቅጂ አባዙ፤ ሠላሳም ይበቃል፤ የተረፈው አልጋ ሥር እንዳይከመር። ዋጋውን ሽፋኑ ላይ ጻፉት፤ ገዢም አይፈር፣ እናንተም አትፈሩ። በየገጹ የተሣለበትን ቀንና ቦታ አስፍሩ። የምታውቁትን ጀግና መሣል ካማራችሁ ሣሉ፤ ግን ከጎኑ እናንተ ብቻ ያያችሁትን አንድ ነገር አስቀምጡ። መራጭ ስትፈልጉም «አላለቀም» የሚላችሁን ሳይሆን «ምን ፈልገህ ነው?» የሚላችሁን ምረጡ። ሲሸጥም ራሳችሁ ቁሙ፤ ሌላ ሰው አታቁሙ።

ለአዘጋጅ ኮሚቴውም አንድ ጥያቄ አለኝ። በሚመጣው እትም ሁለት ስቴንስል ላላለቁ ንድፎች ይመደብልን። እነዚያ ሰባት ገጾች በመጀመሪያ እንዲወጡ እፈልጋለሁ። ጓደኛዬን ፈቃድ ጠይቄዋለሁ፤ «መጀመሪያ እናቴን ልጠይቃት» ብሎኛል። በሐሳቤ የማይስማማ ካለ ደግሞ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ እኔም እንደ ሠዓሊው ከጠረጴዛዬ ኋላ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።