ደጅ መሳለም

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና የገባ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ማስቀደስ ሲገደብ፣ ካህናት ጥና ይዘው የአዲስ አበባን ጎዳናዎች አጠኑ፤ የሰሙነ ሕማማት ጸሎት በቴሌቪዥን ተላለፈ፤ በስቅለት ብዙው ሰው በየሳሎኑ ሰገደ። እኔን ግን የማረከኝ ደጅ መሳለም ነው። ነጠላዋን መስቀለኛ ያጣፋች እናት ከቅጥሩ ውጭ ቆማ እጅ ነሥታ ትመለሳለች። ይህን ማንም አላስተማራትም። ከታክሲ መስኮት አማትቦ የሚያልፍ፣ «አልበቃሁም» ብሎ ከዛፍ ሥር የሚያስቀድስ ሕዝብ ርቀቱን ቀድሞ ለምዶታል። (ግንቡን በከንፈር የሚስሙት ግን ሐኪም ሳያስጨንቁ አልቀሩም!) በሩ በጥንቃቄ ሲከፈትም ጭምብል ላጠለቀው ምእመን ሰፊው ግቢ ጠቀመ። ጎረቤት እንቅልፍ ነሳኝ ብሎ የሚያማውን የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ እንኳ፣ ቅዳሴውን ደጅ ለቆመው ስላሰማ፣ እኔ በበኩሌ ያኔ አመስግኜዋለሁ።