«አሶሳ በ1970ዎቹ»፤ ስለ ራሳችን ትርኢት የቀረበ ሒስ

ጥቂት ተማሪዎች በቡድን ሆነን «አሶሳ በ1970ዎቹ» በሚል ርእስ ለቤተ መዘክር ያዘጋጀነውን የትርኢት ረቂቅ እንደገና ስንመረምረው ያገኘንበትን ጉድለት ለባልንጀሮቻችንና ለመምህራኖቻችን ማቅረብ ተገቢ መስሎናል። የራስን ሥራ መንቀፍ ደስ ባያሰኝም፥ ትርኢቱ ከተሰቀለ በኋላ ከሚመጣው ነቀፌታ ይህ ይሻላል።

ዘመኑን የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ1977 ዓ.ም. በወሎ፣ በትግራይና በሰሜን ሸዋ የጸናው ረኀብ ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው አንሥቶ ወደ ምዕራብ አመጣ። ደርግ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ለማስፈር አቅዶ፥ እስከ 1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ አዛወረ። በዚያን ጊዜ አሶሳ በወለጋ፣ መተከልም በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር ነበሩ፤ ዛሬ ሁለቱም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ ይገኛሉ። ከመካከላችን የሰፋሪ ልጆችም የበርታ ልጆችም ስላለን፥ ሁላችንም ከአንዱ ግድግዳ ፊት መቆማችን አይቀርም።

ስሕተቱ ከበሩ ይጀምራል። ተመልካቹ ሲገባ በመጀመሪያ የሚያየው ሰፋሪዎችን የጫነ አውቶቡስና የሶቪዬት አንቶኖቭ አይሮፕላን ፎቶግራፍ ነው። እንግዲህ ታሪኩ የሚጀምረው እንግዳው ሲደርስ ከሆነ፥ ከዚያ በፊት ቦታው ባዶ ነበረ ማለታችን ነው። የዘመኑም ዕቅድ አውጪዎች ያሰቡት ይህንኑ ነበር። ነገር ግን በርታውም ጉሙዙም መሬቱን ጥቂት ዓመት ዘርቶ፥ ኃይሉ ሲደክም ለብዙ ዓመት አሳርፎ ወደ ሌላው የሚሻገር ገበሬ ስለ ሆነ፥ ያረፈው ማሳ ለማያውቀው ሰው ጠፍ ይመስለዋል። ቀርከሃውም ቢሆን ግንዱ ለቤት መሥሪያ፣ ለጋው ቡቃያ ለምግብ የሚሆን ንብረት እንጂ ዱር ብቻ አይደለም። በፓዌ የጣልያን መንግሥት በረዳው በጣና በለስ ፕሮጀክት ትራክተሮቹ ያረሱት፥ ጉሙዙ የእኔ ብሎ የሚያውቀውን መሬት ነው።

በርታዎቹን ፈጽሞ ረስተናቸው ነበር አይባልም። ዙምባራቸውን በመጨረሻው ጥግ «ባህል» ከሚል ጽሑፍ ሥር አኑረነዋል። ይኸውም ከመርሳት የባሰ ሆኖ አገኘነው፤ ለሰፋሪው ዓመተ ምሕረት ሰጥተን፥ ለባለአገሩ ግን ዓመት የሌለው ባህል ብቻ ሰጠነው። በ1977 ዓ.ም. ዙምባራ ይነፋ የነበረው ሰው በዚያው ዓመት ማሳውን ሲያጣ ምን አለ? ወረቀቱ በመንግሥት እጅ ስለ ነበረ ወረቀቱን ተከተልን፤ ሽማግሌዎቹን የጠየቅናቸው ግን ስለ ሠርግና ስለ መከር ብቻ ነው። ይህ ልማድ ዛሬ የተጀመረ አይመስለንም። በ1940ዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኢትኖሎጂ ማኅበር ተማሪዎች የየአገራቸውን ልማድ እየጻፉ በመጽሔታቸው ያወጡ ነበር። ያ ትጋት ባይኖር ብዙ ነገር በጠፋ ነበር፤ ይሁን እንጂ ልማድን ከዓመቱ ለይቶ መመዝገብንም አብሮ ሳያወርሰን አልቀረም።

ሰፋሪውንም ቢሆን በደንብ አልያዝነውም። «በዘመቻ መጡ» የሚለው መግለጫችን ተገዶ የተጫነውን፣ ራብ ገፍቶት የተመዘገበውንና ዘመዱን ተከትሎ የመጣውን አንድ ያደርጋል። አሉላ ፓንክረስት በወለጋ የሠፈራ መንደር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተመውን መጽሐፍ ቀድመን አንብበን ቢሆን ኖሮ ይህን መግለጫ አንጽፈውም ነበር።

ከዚህም በቀር ዐሥር ዓመት የሚባለው አጥር ራሱ አስቸገረን። ርእሳችን በ1979 ዓ.ም. ያበቃል፤ ጦርነቱ አሶሳ ደርሶ ከሰፋሪዎች ብዙዎች የሞቱት ግን በ1982 ዓ.ም. ነው። መግቢያቸውን አሳይቶ ይህን መተው ለርእስ መታመን እንጂ ለሰው መታመን ስላልመሰለን፥ ከአጥሩ ውጭ አንድ ሰሌዳ ጨምረናል።

የመንደሮቹ ነገር ደግሞ አለ። አምባ 14፣ መገሌ 32 እየተባለ በሠፈራው ጊዜ የተሰጠው ቁጥር እስከ ዛሬ ይጠራበታል። ከእኛ አንዱ የአንዱን መንደር የቁጥር ሰሌዳ ነቅለን በመስታወት ሣጥን እናኑረው ብሎ ነበር፤ እኛም ተስማምተን ሄድን። ለመንደሩ ሰዎች ግን አድራሻቸው ነውና፥ ፎቶግራፉን ብቻ አንሥተን ተመለስን።