በ«እርስዎ» ውስጥ ስለ መሸሸግ

አሁን እየጻፍሁት ያለው ልብ ወለድ ነገሩ ቀላል ነው፤ ይኸውም በአንድ ትምህርት ቤት፣ በአንድ ወንበር ተጣበው የተማሩ፣ በኋላም በአንዲት ክፉ ቀን ተኳርፈው የተበታተኑ ስድስት አብሮ አደጎች፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ስም ያልተጻፈበት ደብዳቤ ደርሷቸው ደብረ ዘይት፣ ከሐይቁ ዳር በቆመ ቤት ይገናኛሉ፤ ራት ተበልቶ እጅ ሲታጠቡም በገበታው መካከል የነበረው የጥንቱ ትምህርት ቤት የእጅ ደወል ይጠፋል። ከዚህ የከፋ ወንጀል የለበትም።

ደም ያልፈሰሰበት ምስጢር አንባቢን ይይዛል ወይ ብለው ለሚጠይቁኝ ወዳጆቼ፣ እንግሊዛዊቱ ደራሲ ዶሮቲ ሰየርስ በ1935 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን «ጎዲ ናይት» እጠቅስላቸዋለሁ። ጎዲ በኦክስፎርድ ልማድ የቀድሞ ተማሪዎች ወደ ኮሌጃቸው ተመልሰው የሚቀመጡበት ግብር ነው፤ ሰየርስ ራሷም በዚያው ከተማ በሶመርቪል ኮሌጅ ትምህርቷን በ1915 ብትፈጽምም፣ ዩኒቨርሲቲው ለሴቶች ማዕርግ መስጠት የጀመረው በ1920 ስለ ነበር፣ ዲግሪዋን የተቀበለችው አምስት ዓመት ጠብቃ ነው። በመጽሐፉ አንድም ሰው አይገደልም፤ ነገር ግን ባለ ታሪኳ ከካባዋ እጅጌ ውስጥ ስም የለሽ የስድብ ወረቀት ካገኘች በኋላ፣ በዚያ ግብር ላይ የተሳሳሙት ሁሉ ተጠርጣሪዎች ሆነው ይታዩናል። (መካከሉ ላይ ሃምሳ ገጽ ያህል ቢቀነስለት እኔ አላዝንም።)

ይሁን እንጂ ያች ደራሲ እኔ የሌለኝ አንድ ሀብት ነበራት። የእንግሊዝኛው «ዩ» ለወንድም ለሴትም፣ ለጌታም ለሎሌም አንድ ነው፤ ግሡም ሌባው ወንድ ይሁን ሴት አይመሰክርም። በእኛ ቋንቋ ግን አንቀጹ ራሱ ምስክር ሆኖ ይቆማል፤ «ወሰደው» ብል ተባዕት፣ «ወሰደችው» ብል አንስት ወጣ ማለት ነው። «ተወሰደ» እያልሁ በተደራጊ ግሥ ብሸሽ ደግሞ፣ ከሁለት ገጽ በኋላ ጽሑፌ የፖሊስ ጣቢያ መዝገብ ይመስላል። ሮናልድ ኖክስ የተባለ ቄስ በ1929 እ.ኤ.አ. ለምርመራ ልብ ወለድ ዐሥር ትእዛዛት ደንግጎ ነበር፤ ወንበዴይቱን በወንድ አንቀጽ መሸፈን ውሸት ይሁን ብልሃት ግን፣ አማርኛ አያውቅምና፣ አልነገረንም።

መሸሸጊያ የሚገኘው በአክብሮት ውስጥ ነው። ዘበኛው ደብዳቤውን ከማን እንደ ተቀበለ ሲጠየቅ «አንድ ሰው ሰጡኝ» ይላል፤ በዚህች «ሰጡኝ» ውስጥ ወንዱም ሴቲቱም ተከናንበው ይቀመጣሉ። መጋረጃው ግን ያለ ዋጋ አይገኝም፤ ዘበኛው ያከበረው ሰው ነውና፣ በርኖስ የለበሰው ሐኪምና ነጠላዋን በሥርዓት ያጣፋችው ነጋዴ በጥርጣሬው ሲቀሩ፣ በቁምጣ የመጣው ቀልደኛ ጓደኛቸው ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነጻ ይወጣል። ደብዳቤውን በአንደኛ መደብ ስጽፈው ደግሞ አልተቸገርሁም፤ «ጠራኋችሁ» ጾታ የለውም።

ይህን ሁሉ ተጠንቅቄ ሳለ ያጋለጠኝ አንድ ፊደል ነው። የእርማት ወረቀቱን ለመቀበል ማተሚያ ቤት በሄድሁ ቀን፣ ፊደል ለቃሚው ወጣት ጣቱን በአንድ መሥመር ላይ አሳርፎ፣ «ጋሼ፣ ሌባዋን 14ኛው ገጽ ላይ ነግረውናል እኮ!» አለኝ። ባየው፣ በችኮላ የጻፍኋት አንዲት «ች» እንደ ጉልቻ ተጎልታለች። የዚያን ዕለት ቡናውን የጋበዝሁት እኔ ነኝ።

ከዚህ ዓይነቱ ብልሃት ሁሉ የላቀው በኦሪት ዘፍጥረት ያለው ነው። ዮሴፍ፣ የሸጡት ወንድሞቹ በፊቱ ቆመው ሳሉ፣ ቋንቋቸውን እየሰማ በአስተርጓሚ ይነጋገራል፤ እንደ ልደታቸውም ቅደም ተከተል በማዕድ ያስቀምጣቸዋል፤ እነርሱም እርስ በርሳቸው ይደነቃሉ። የብር ጽዋው በብንያም ዓይበት ከመገኘቱ በፊት ምልክቱ ሁሉ በገበታው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ የሚያነበው ጠፋ እንጂ። እኔም የራት መቀመጫውን በድሮው የክፍል አቀማመጥ መሠረት ያዘጋጀሁት ከዚያ ተምሬ ነው፤ እስካሁን ጥሬ ጽሑፉን ካነበቡት መካከል ይህን ያስተዋለ የለም፤ በዚህም ጥቂት እታበያለሁ።

አሁን የሚያስቸግረኝ የመጨረሻው ገጽ ነው። ሐኪሙና ነጋዴይቱ በተማሪነታቸው «አንተ»ና «አንቺ» ነበሩ፤ በመጽሐፉ ሙሉ ግን በ«እርስዎ» ሲወጋጉ ይቆያሉ፤ እንዲህ ያለው አክብሮት ከስድብ ይልቅ እንደሚያቆስል የተኳረፈ ሁሉ ያውቀዋል። አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ሰረዝሁት። በአምስተኛው ሐኪሙ ይቅርታም ሳይጠይቅ፣ ማስረጃም ሳይደረድር፣ ሌሎቹ ሻንጣቸውን ሲያሥሩ በበሩ መቃን ተደግፎ፣

«የት ደበቅሽው?» ይላታል።

እርሷም ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ሆዱን ጥጥ ጠቅጥቄ ከትራስህ ሥር» ትለዋለች። «ሌሊቱን ሙሉ ተኝተህበታል።»