«የሕመም ክፍያ» ስለሚለው ስያሜ
የዩናይትድ ስቴትስን የገቢ ግብር ማስታወቂያ ወደ አማርኛ ለሚመልስ ተርጓሚ «የሕመም ክፍያ» የሚለው ስያሜ አይበጅም። ለሐኪም የሚከፈል ዋጋ ከመምሰሉም በላይ፣ ግብሩን የሚወስነውን ነገር፣ ማለትም ከፋዩን፣ ይሰውራል። በፌዴራል ሕግ አሠሪ ለታመመ ሠራተኛ የሚከፍለው እንደ ደመወዝ ግብር አለበት፤ ሠራተኛው ዐረቦኑን ሁሉ ግብር ከተከፈለበት ገንዘቡ ራሱ ከፍሎ የሚያገኘው የመድን ገንዘብ ግን ነጻ ነው። ለምድር ባቡር ሠራተኞች በሕግ የሚሰጠው አበል ደግሞ፣ ሕመሙ ከሥራ ጉዳት ካልመጣ፣ በፌዴራሉ ማስታወቂያ ግብር ሲኖርበት በክፍለ ግዛቱ የለበትም። ስለዚህ «የሕመም ፈቃድ ደመወዝ»፣ «የሕመም መድን ገንዘብ»፣ «የሕመም አበል» ተብለው ቢለዩ፣ በመድኑም ዐረቦን ከፋዩ ቢጠቀስ ይሻላል። አለዚያ በቃል ጉድለት ሠራተኛው የሌለበትን ግብር ይከፍላል፤ ወይም ያለበትን ሳያስታውቅ ይቀራል።